ወንድሜን የሚያስቀር ሳጥን

ልጅ ሳለሁ፣ የሰፈራችን የቡና መጋዘን ዘበኛ ጋሽ ዱካሌ ማታ ማታ የቡና ገለባ አንድዶ ተረት ያወራልን ነበር። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ፍሙ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ተረቱም እንደዚያው። ከሁሉም ከልቤ ያልወጣው የቀፎው ነው። አንድ ሰውዬ ንቦቹ ጥለውት እንዳይሄዱ ፈርቶ፣ ዝናብም አይንካቸው ብሎ፣ የቀፎውን ቀዳዳ በሙሉ በጭቃ ደፈነ። ጠዋት ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ቢያዳምጥ ጭጭ። «ተኝተውልኛል» አለ አሉ። እኛ በሳቅ ፈረስን። ጋሽ ዱካሌ ብቻ ሳይስቅ እሳቱን ቆሰቆሰ።

ታላቅ ወንድሜ መስፍንም ያኔ አጠገቤ ነበር። እኔ ትምህርት ባቋረጥኩበት ክረምት፣ የእሱ እኩዮች አንድ በአንድ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሰፈሩ ባዶ ቀርቶ ነበር። እሱም ደላላ አግኝቷል። እናታችን እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ «እሺ፣ ጌም ቤት ልሞክር። ከሠራ እቀራለሁ፤ ካልሠራ ግን እንዳትይዢኝ፣ እማ» አላት።

ከዚያ ወዲያ እንደ እብድ ነበር የሠራነው። መስፍን አዋሳ ያየው ዓይነት፣ ሰው ቆሞ የሚጫወትበት ትልቅ ሳጥን ነበር የሚፈልገው። አሮጌውን ቴሌቪዥናችንን ከአንዲት ርካሽ የጌም ማሽን ጋር ሆዱ ውስጥ ከተትን፣ ዙሪያውን በቺፑድ ገጠምን። መሪው የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ሲለቁት እንዲመለስ ከብስክሌት ካላማዳሪ በቆረጥነው ጎማ ወጠርነው። ቁልፎቹ የበር ደወል ማብሪያ ላይ የተለጠፉ የቢራ ቆርኪዎች ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች በራችን ላይ ተኮልኩለው፣ «መስፌ፣ ይሄ ቁም ሳጥን ነው የሬሳ ሳጥን?» ይሉታል።

«ላንተ ነው፣ ና ግባና ለካው!» ይላል።

የከፈትን ዕለት ቤቱ ጢም አለ። የእናቴን ፊት ያኔ ብታዩት! ከሰዓት ግን ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሯችን ደግሞ ያፈሳል። እናቴ ሮጣ ቡና የምንሸፍንበትን ላስቲክ አመጣች፤ ላዩን፣ ጀርባውን፣ መስፍን ለሙቀቱ መውጫ የበሳቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር ሸፍና በገመድ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። «እንዳይበላሽብህ፣ ልጄ።» እኛም ውሃውን ብቻ ፈርተን ስለነበር ተመስገን አልን። ጨዋታው እንደደመቀ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ስክሪኑ አንዴ ቦግ ብሎ ድርግም አለ፣ ከቆርኪዎቹ ሥር ጭስ ተግተለተለ። ልጆቹ ወጥተው ሮጡ። እናቴ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጥፋ፣ «ምንም አልሆነ፣ ትንሽ ይረፍ» አለች።

መስፍን ዞር ብሎ አየኝ። ሁለታችንም የጋሽ ዱካሌን እሳት እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። ማናችንም አልሳቅንም።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ወጣ። እናቴ አልያዘችውም፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ቆመች።

ከሞያሌ አንዴ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሳጥኑ ዛሬም ጥግ ላይ ነው። እናቴ ያን ተረት ሰምታው አታውቅም፣ እኔም ልነግራት አልቻልኩም። ያን ሰውዬ አሁን አልስቅበትም፤ ጆሮውን ቀፎው ላይ እንደለጠፈ ምን ያህል ቆሞ ይሆን እላለሁ። እሷም አመሻሽ ላይ ቁጥሩን ታስመታኝና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። ጭጭ ነው።

«ተኝቶ ይሆናል» ትለኛለች።