የአውሮፕላኗ ባትሪና የእትዬ ሐዋ በረዶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ባጃጁ አልነሳ ብሎት አሶሳ ገበያ ይዞኝ ሄደ። ሻጩ አዲስ ባትሪ አውጥቶ አሲዱን ሞላና "በቃ፣ ግጠመውና ንዳ" አለው። ሳላስበው "ቻርጅ ሳይደረግ?" ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። ስልሳ ያለፋት ሴት ስለ ባትሪ ምን አገባት! አገባኝ እንጂ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበርኩ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ባምባሲ ማሽላ የሚያርስ ሰው ነበር፤ "ልጄ አውሮፕላን ትጠግናለች" ባለ ቁጥር ጎረቤቶቹ "አረሙንስ ማን ሊነቅልልህ ነው?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሶሳ ተመድቤ የምጠግናት አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ነገር ነበረች። መድኃኒት ታመላልሳለች።

ወሩ ግንቦት ነው፤ ማንጎው ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚሸትበት፣ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ የሚልበት ጊዜ። ከአባይ ማዶ ኩፍኝ ገብቶ ስለነበር አራት ሳጥን ክትባት በበረዶ ታሽጎ በጠዋት ተጫነ። ካፒቴኑ ማስነሻውን ሲጫን ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ባትሪው ሞቷል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሳምንት በፊት መድከሙን አይቼ "ትንሽ ይገፋል" ብዬ አልፌው ነበር።

መጋዘን ውስጥ አዲስ የአውሮፕላን ባትሪ አለኝ፤ ግን ደረቅ ነው። አሲድ ተሞልቶ፣ ቀስ ብሎ እስከ ማግስቱ ጠዋት ቻርጅ መደረግ አለበት። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ገበያ ወርዶ አንድ የጭነት መኪና ባትሪ አሸክሞ መጣ።

"ይኸው። ከአንቺው ይበልጣል፣ ደግሞ የተሞላ ነው። ግጠሚው።"

"ካፒቴን፣ ይሄ ለመሬት የተሠራ ነው። አውሮፕላኗ ስታጋድል አሲዱ ይፈሳል። ማስቀመጫውም አይበቃውም።"

"በገመድ እናስረዋለን! በረዶው እኮ እስከ ማታ አይቆይም። ክትባቱ ከተበላሸ ለእነዚያ እናቶች ምን ልትያቸው ነው?"

"አልገጥመውም" አልኩት። ከተማው ውስጥ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል። የአውሮፕላን ሜዳው ጀነሬተር ቻርጀሬን ያሠራልኛል፤ ማቀዝቀዣ ግን የለንም፣ በረዶ ከየት ይመጣል? አዲሱን ባትሪ አሲድ ሞልቼ ቻርጀሩ ላይ አደረግኩና ፊቴን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ላለቅስ ነው የወጣሁት።

ከአጥሩ ጥግ እትዬ ሐዋ የሚባሉ የበርታ ሴት ከርከዴ ይሸጡ ነበር። ቀዩን አበባ አፍልተው፣ ስኳር ጨምረው፣ በትንንሽ ላስቲክ እየቋጠሩ በረዶ ያደርጉታል፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ላስቲኩን በጥርሱ ቀዶ ይመጥጠዋል። ሁለቱ ማቀዝቀዣዎቻቸው ከሱዳን የመጡ፣ በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ናቸው። መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላቸውም።

"አንተ ምን ሆነ? ለምን አለቀሰ?" አሉኝ። እትዬ ሐዋ በአማርኛ ሲናገሩ ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ተነሥተው የማቀዝቀዣውን ክዳን ከፈቱ።

"ይሄ በረዶ አይደለም?"

"ከርከዴ ነው እኮ፣ እትዬ ሐዋ!"

"ወላሂ፣ ቀይ ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ መድኃኒት ምን ያውቃል? ያላ፣ ተሸከም!"

ሁለቱንም ማቀዝቀዣ አራቆትናቸው። ሳጥኖቹን ከፍተን፣ የቀለጠውን በረዶ አውጥተን ክትባቱን በከርከዴ ከበብነው። ካፒቴኑ ወገቡን ይዞ አየንና የመኪናውን ባትሪ ሊመልስ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት የሳጥኖቹን ቴርሞሜትር አነበብኩ። ቅዝቃዜው እንዳለ ነው። ከአሮጌው ባትሪ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታሁ፤ ነጭ ዱቄት ያበቀለውን የሽቦ ጫፍ ጠርጌ አዲሱን ገጠምኩ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ማዶ ክትባቱን የተቀበለው ነርስ ከሳጥኑ ቀይ ሲንጠባጠብ አይቶ "ማን ቆሰለ?" ብሎ መጮኹን ካፒቴኑ ሲመለስ እየሳቀ ነገረኝ።

አለቆቼ "እምቢ በማለትሽ ኮራንብሽ" አሉኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ፤ መድከሙን አይቼ ስላለፍኩት ባትሪ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬም ይቆረቁረኛል። በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወርኩ፤ እትዬ ሐዋን እንኳ በወጉ አላመሰገንኳቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ባትሪውንም አውሮፕላኗንም አላስታወሱም። በረዶውን ሳነሣላቸው ግን ፈገግ አሉ።

"ያ ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት መጣ፣ ከርከዴ የለም። አንድ ትንሽ ሴት በጣም አለቀሰ። ማሌሽ፣ አይዞህ አልኩት፣ ነገ አለ አልኩት።"

እኔ ስኮራበት የኖርኩትን ቀን እሳቸው የሚያውቁት ባለቀሰችው ልጅ ነው። አፈርኩ። እምቢ ማለት የቻልኩት እኮ በሰው በረዶ ነው።

ያን ዕለት ገበያው ላይ የእህቴ ልጅ አዲሱን ባትሪ ታቅፎ "እስከ ነገ ሥራ ልፈታ ነው ወይ፣ አክስቴ?" አለኝ። "ጠብቅ" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ ብቻውን ቀለለብኝ።

"የዛሬ ገቢህን እኔ እችልልሃለሁ" አልኩት። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ልጅ ከርከዴ ትሸጥ ነበር። ሁለት ላስቲክ ገዛሁና ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ጥላ ሥር ተቀምጠን መጠጥነው። መድከሙን አይቼ ስላለፍኩት የአውሮፕላኗ ባትሪም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለእሱ ነገርኩት።