በመንጋጋ የተጨበጠ እጅ

ቀኝ እጄን ያጣሁት ከእንጦጦ ቁልቁል ስንወርድ ነው። ባሕር ዛፍ የጫነ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ከጎን መታው፤ እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ሐኪሞቹ ከክርኔ በታች ያለውን ማትረፍ አልቻሉም። ቀበና አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሕመም ፈቃድ ስመለስ በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ጽሑፌን ለማንበብ አንገታቸውን ሲያጣምሙ እያየሁ እንዳላየ አልፋለሁ።

ስለ ጥናቱ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንድ መሐንዲስ ከአንጎል የሚወጣውን ምልክት አንብቦ ሰው ሠራሽ እጅ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ እየሞከረ ስለሆነ እጁን ያጣ ሰው ይፈልጋል አለችኝ። ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ኮፍያ ማጥለቅ ብቻ ነው። ያን ቀን መሪ ሰፈር ቤቴ እስክደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ በሐሳቤ በሌለው እጄ ጠመኔ ስይዝ፣ ስጽፍ፣ ሳጠፋ ነበር።

መሐንዲሱ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ከሚናገረው ግማሹ እንግሊዝኛ። የመጀመሪያው ችግር ጸጉሬ ሆነ። ኮፍያው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ብረቶች የራስ ቆዳዬን መንካት አለባቸው፤ እኔ ደግሞ ለክብሩ ብዬ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር የሄድኩት። ይቅርታ እየጠየቀ ፈትቼው እንድመለስ ነገረኝ። ሹሩባ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚፈታ አልነገረኝም። የፈታችልኝ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የምትኖረው እህቴ ናት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብረቶቹ ምልክቱን እንዲይዙ በሚቀባ ጄል ጸጉሬ ይለወሳል፤ ቅዳሜ ደግሞ እኛ ኮንዶሚኒየም ውኃ አይመጣም። ሻሽ ጠምጥሜ ዳገቱን ወደ እህቴ እወጣለሁ። እሷም በዚያ በሚያንቀጠቅጥ ውኃ እያጠበችኝ ይህ ነገር ምን ሊረባሽ ነው እያለች ትነጫነጫለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መሐንዲሱ እጄን እንደምጨብጥ እንዳስብ ይነግረኛል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ እጅ ይጨብጣል። ግን የእኔ የሌለው እጅ ከአደጋው ቀን ጀምሮ እንደተጨበጠ ነው። ጥፍሬ መዳፌን ሲወጋኝ ይሰማኛል፤ ልከፍተው ብል አይከፈትም። የተጨበጠውን እጅ ደግሜ ምን ብዬ ልጨብጠው? ይህን ስነግረው አዘነልኝ፤ ቢሆንም እንድሞክር ለመነኝ። ሞከርኩ። የፕላስቲኩ እጅ ሳስብ ዝም ይላል፣ ማሰቤን ስተው ይንቀጠቀጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል።

አንድ ቅዳሜ ግን ጨበጠ። ጣቶቹ ተራ በተራ ታጥፈው ተዘጉ። መሐንዲሱ ከወንበሩ ተነሣ። የወረቀት ኩባያ አስያዘኝ፤ ሳልጨፈልቀው ያዝኩት። አለቀስኩ። በቀጣዮቹ ቅዳሜዎችም እየተሻሻለ ሄደ፤ እህቴ እንኳ መነጫነጩን ትታ ዛሬስ ምን ያዝሽ ትለኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ስገባ መሐንዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ አገኘሁት። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«መምህር፣ ሲያስቡ ጥርስዎን ይነክሳሉ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ኮፍያውን አጥልቆልኝ አፌን ገርበብ አድርጌ እንዳስብ ጠየቀኝ። የፕላስቲኩ እጅ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ምንም ሳላስብ ጥርሴን እንድነክስ አደረገኝ፤ እጁ ጥብቅ አድርጎ ጨበጠ። የመንጋጋ ጡንቻ ምልክት ከአንጎል ምልክት እጅግ ስለሚበረታ መሣሪያው የለመደው እሱን መሆኑን አስረዳኝ። እስካሁን የተገኘው ውጤት እንደማይቆጠርም ነገረኝ።

«ታዲያ ምን አለበት? ጨብጧል እኮ» አልኩት።

«የጨበጡት እርስዎ አይደሉም፣ መንጋጋዎ ነው።»

«መንጋጋዬስ የማን ነው?»

ቀስ ብሎ፣ ምግብ ሳኝክ፣ ሳወራ፣ ስናደድ ሁሉ እጁ እንደሚጨብጥ፣ ሕፃን ይዤ ብናደድስ ምን እንደሚሆን አስረዳኝ። ትክክል ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው። እሱ የአንጎሌን ምልክት ይፈልጋል፣ እኔ የምፈልገው እጅ ነው። እንዳለ ስጠኝና ቤቴ ልውሰደው ብዬ ለመንኩት። የጥናቱ ንብረት ስለሆነ ከክፍሉ መውጣት አይችልም አለኝ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው የመንጋጋዬን ምልክት እንዲንቅ አድርጎ አስተካከለው። እኔም ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደተቀመጠ ሰው አፌን ገርበብ አድርጌ ማሰብ ያዝኩ። አልፎ አልፎ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ያንቀሳቀስኩት እኔ መሆኔን ግን እኔም እሱም እርግጠኞች አልነበርንም። እንግዶች ጥናቱን ሊያዩ በመጡ ቀን እጁ ጭራሽ ተኛ። በማላውቃቸው ሰዎች ፊት አፌን ከፍቼ፣ ላብ በጄሉ ላይ እየወረደ፣ ጨብጥ ጨብጥ እያልኩ በልቤ ስለምነው ቆየሁ። ጥርሴን ብነክስ ሁሉም እንደሚያጨበጭቡ አውቃለሁ። መሐንዲሱም ያውቃል፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። አልነከስኩም። አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ ሲወጡ ጥሩ ጅምር ነው ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሱ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ፤ ጥናቱንም እዚያው ቀጠለ። እኔ ትከሻ ላይ በሚታሰር ማንገቻ የሚሠራ ተራ ሰው ሠራሽ ክንድ ተሰጠኝ። ትከሻዬን ስገፋ ሽቦው ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ያለው መቆንጠጫ ይከፈታል። ማንገቻው ብብቴን ይልጠኛል፤ ሽንኩርት ስከትፍ ግን ይይዝልኛል።

በቅርቡ መሐንዲሱ ደወለ። አዲሱ መሣሪያ መንጋጋን ከአንጎል በደንብ እየለየ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች በሐሳባቸው ብርጭቆ እያነሡ መሆኑን በደስታ ነገረኝ። የእኔ ቅዳሜዎች ባይኖሩ ስህተቱን አያገኘውም ነበር አለኝ። ደስ ብሎኛል አልኩት፤ እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁና እስኪመሽ ድረስ ጥርሴን እንደነከስኩ ዋልኩ።