ቀድማ ያነሳችው ካርድ

አሶሳ ተማሪ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ባመጣቸው የውጊያ ጨዋታ ካርዶች ብዙዎቻችን ተለከፍን። እየተለዋወጥን የየራሳችንን ስብስብ አበጀን፤ ውሎ አድሮ ውድድር አዘጋጀን። ሕጉን ከሁሉም በላይ ያውቃል ተብዬ ዳኛ ሆንኩ። የካርዶቹ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ሁሉንም ለተወዳዳሪዎቹ በአማርኛ አስረዳሁ።

ለፍጻሜ የደረሱት ጓደኛዬና ከቶንጎ ከተማ የመጣች ዝምተኛ ተማሪ ነበሩ። አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ከበናቸው ቆምን። ልጅቷ ለማሸነፍ አንድ ጥቃት ብቻ ቀርቷታል። ያን ቀን ማንም ያልተጠቀመበትን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወዲያው ከክምሩ ሌላ ካርድ አነሳች።

«ዳኛ!» አለ ጓደኛዬ። «ሳታጠቃ አነሳች!»

እውነቱን ነው። ያን ካርድ የጣለ መጀመሪያ ያጠቃል፤ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ያነሳውን ካላየው መልሶት ይቀጥላል፤ ካየው ግን ተራው ያልፈዋል። ካርዱ መዳፏ ሥር ተደፍቷል። ማየት አለማየቷን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ብፈርድላት ጓደኛዬ ይቀየመኛል፤ ብፈርድባት ለዶርሙ ልጅ አዳላ መባሌ ነው።

«አየሽው?» አልኳት፣ አላየሁም ባለች እያልኩ በልቤ።

መዳፏን ከካርዱ ላይ አነሳች። «አይቻለሁ።»

«ተራሽ አልፏል» አልኳት። ጓደኛዬ በቀጣዩ ተራ አሸነፈ።

ባጃጅ ልትይዝ ስትወጣ ተከተልኳት። «ይቅርታ፣ ሕጉ ሆኖብኝ ነው» አልኳት።

«ሕጉ ልክ ነው» አለች። «ግን አንተ ጠዋት ስትናገር በጣም ይፈጥናል። ‹ካጠቃ በኋላ› ነው፣ ‹ሳያጠቃ› ነው፣ አልለየሁም። እኛ ቤት አማርኛ አንናገርም።»

ባጃጁ ይዟት ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስንቱን ሰው እንዲሁ እያጣደፍኩ አልፌው ይሆን?

ማታ ለጓደኛዬ ነገርኩት። በማግስቱ ራሱ ሄዶ «እንደገና እንጫወት» አላት፤ እሷም እሺ አለች። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱን ካርድ ቀስ ብዬ አስረዳሁ፤ እሷም በራሷ አነጋገር መልሳ ነገረችኝ። አሰልቺ ነበር፤ ማንም ግን አላጉረመረመም።

አሸነፈችው። እኔ እስከ መጨረሻው ጥቃት ድረስ ቀድማ ካርድ እንዳታነሳ እጇን እጇን ሳይ ነበር።