የመሪጌታ ኢያቄም ሳጥኖች

በ2005 ዓ.ም. ገደማ ላሊበላ አቅራቢያ ብልባላ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ የየዕለቱን የቅዱሳን ታሪክ የያዘውን ስንክሳር የሚያነቡት ጎረቤታችን መሪጌታ ኢያቄም ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን መጽሐፉን ዘርግተው የሚሉት በቃላቸው ነበር። አንድ ቀን ታሪኩ ቢጠፋኝ ንባቡን ይነጥቁኛል ብለው ይፈሩ ነበር። ይህንን ለልጃቸው ለሰርካለም እንኳን አልነገሩም።

ሰርካለም ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ የሰጣትን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ይዛላቸው መጣች።

«አባባ፣ ስንክሳሩን ጭኜልዎታለሁ፤ ያንብቡ እስቲ።»

እሳቸው ያዩት ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በሳጥን የተሞላ ገጽ። በቃ፣ ዓይኔ ዛሬ ጠፋ፣ ብለው ደነገጡ።

«ምነው፣ አያነቡም?»

«ልጄ፣ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ሰርካለም አየችና በሳቅ ፈረሰች። «እኔም የማየው ሳጥን ነው! የኛ ፊደል አልተጫነበትም እኮ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊደሉን አስጭና ተመለሰች። ጽሑፉንም ታሳድግላቸው ጀመር።

«ይታይዎታል?»

«ጨምሪ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ጨምሪ።»

ገጹ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ሲቀር፣ መሪጌታ ጥርት አድርገው አነበቡ። ሰርካለም ግን ሳቋ ጠፋ።

«አባባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ፊደል እኮ ከዚህ በጣም ያንሳል። ነገ በምን ሊያነቡ ነው?»

መሪጌታ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። የነገውን አውጪልኝ፤ ሳይመሽ በቃሌ ልከልሰው» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።