አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለሁለት

በዚያ ዓመት ቆቦ የደረሰን የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ለተማሪው ሁሉ አልበቃም። መምህሩ አንዱን ለሁለት አደለን። ስም እየጠራ ሲያጣምረን፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል እኔን ከቀበሌያችን ሊቀ መንበር ልጅ ጋር አደረገኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም። ተማሪው ግን ዞሮ አየን፤ ሁሉም ያውቃላ። እነሱ የሚኖሩት በእኛ ቤት ነበር።

ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ። አባቴ ጨርቅ ይሸጥበት ነበር። ትርፍ ቤት ሲወረስ ከሁለቱ ቤቶቹ አንዱን ምረጥ ተባለና ይኸንኑ መረጠ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ከገበያው ጀርባ ያለችውን ጠባቧን መረጠለት። አባቴ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ምርጫው የባለቤቱ ነው ተብሎ የለም ወይ?" አለ። ለዚህች ቃል በቀበሌው እስር ቤት አስከረሙት። ከወጣ በኋላ ገበያ ዳር ጨውና ክብሪት ዘርግቶ ይቀመጥ ጀመር፤ ሰው ካላናገረው አይናገርም።

ልጅቱ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ "እኔ ጋ ነው የሚያድረው። የቤት ሥራ ሲኖር መጥተሽ ትሠሪያለሽ" አለችኝ።

"ለምን አንቺ ጋ?"

"እናንተ ቤት ምን ማስቀመጫ አለና!"

ጥፊ ላቀምሳት እጄን በላኝ። ግን የመጀመሪያው የቤት ሥራ በማግሥቱ የሚታይ ነበርና ከሰዓት በኋላ ሄድሁ።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ እየተንጠለጠልሁ እጫወትበት የነበረውን በር። እናቷ ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እግርሽን ጥረጊ" አለች። ልጅቱ መጽሐፉን አባቴ ጨርቅ ይለካበት በነበረው ባንኮኒ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ ላባችን ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። የምቀመጥበት ስላልሰጡኝ ቆሜ ሠራሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። ሁለት ቻርጆች ሠላሳ ሴንቲሜትር ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ፖዘቲቭ አራት፣ ሌላው ኔጌቲቭ አንድ። ኤሌክትሪክ ፊልዱ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው? ሁለታችንም እኩል ጀመርን፤ እኩልም ጨረስን። ስሌቱ ከአራቱ ቻርጅ ተነሥቶ ሲለካ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ሃያና ስልሳ። እሷ ስልሳውን ሰረዘችው። እኔ ሃያውን ሰረዝሁት።

"ምን ነክቶሽ ነው? ስልሳ እኮ ከመሥመሩ ይወጣል" አለችኝ። "የተሰጠን ሠላሳ ብቻ ነው።"

"የተሰጠን በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ፊልዱ እዚያ አያበቃም። ዜሮ የሚሆነው ከኔጌቲቩ ወዲያ ማዶ ነው።"

"አያበቃም ያለሽ ማነው?"

"አእምሮ ያለው ሁሉ።"

ይኼኔ ነው አባቷ ከጓዳ የወጣው፤ ከወገቡ ሽጉጡን አልፈታም። "ምንድን ነው ጩኸቱ?" አለ።

"መልሱ ከሁለቱ ውጭ ነው ትላለች" አለችው ልጁ።

ሰውዬው ወረቀቱን እንኳ አላየም። እኔን ነው ያየው። "የነጋዴ ልጅ!" አለ። "ከተሰጣችሁ በላይ ካልወሰዳችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። በውስጡ ነው ተብለሻል፤ በውስጡ ነው። አበቃ።"

"ጓድ፣ ይኼ እጅ በማውጣት የሚወሰን አይደለም" አልሁት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት።

"አባትሽም እንዲህ ያለ አፍ ነበረው" አለ ቀስ ብሎ። "አሁን የት እንዳደረሰው ታውቂያለሽ። ውጪ!"

ቤት ስገባ አባቴ የት እንደዋልሁ አልጠየቀኝም፤ እናቴ ነግራዋለች መሰለኝ። ብቻ፣ "በሩን ምስጥ በልቶታል?" አለኝ።

"ከታች በኩል ጀምሮታል።"

"ይብላው" አለ፤ ፊቱንም አዞረ።

በማግሥቱ መምህሩ ተራ በተራ እያስነሣ ሲጠይቅ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀታችንንም እኛንም የማይወድ ሰው ነበር። "አንድ መጽሐፍ፣ አንድ መልስ" አለ። እሷ "ሃያ" ስትል እኔ "ስልሳ" አልሁ። ተማሪው ሳቀ። መምህሩ ሁለታችንንም ሰሌዳው ጋ አቆመን።

"ሃያው ላይ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ አስቀምጪ" አላት። "አራቱ ወዴት ይገፋዋል?"

"ወደ ኔጌቲቩ።"

"ኔጌቲቩስ ምን ያደርገዋል?"

"ይስበዋል... ወደ ራሱ።"

"ታዲያ አንዱ ከኋላ እየገፋው ሌላው ከፊት እየሳበው፣ ዜሮው ከየት መጣ?"

ጆሮዋ ቀላ። ደስ አለኝ፤ ምንም ልሸፍነው አልሞከርሁም። መምህሩ ወደኔ ዞረና፣ "አንቺ ይኼን ካወቅሽ ለምን አላስረዳሻትም? ለብቻሽ ነው የምትማሪው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ላስረዳት ስል አባቷ ናቸው ያባረሩኝ" አልሁ። "መልሱ በውስጡ ነው፣ አበቃ ብለው።"

መምህሩ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ጠራጊውን አንሥቶ ሃያውንም ስልሳውንም አጠፋና፣ "ሁለታችሁም ውጡ! ተንበርከኩ!" አለ።

ጠጠሩ እንደ ምጣድ ግሏል። ጎን ለጎን ተንበረከክን። ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትናል። ወደኔ ሳታይ፣

"የአባቴን ስም ለምን ታነሺያለሽ?" አለችኝ።

"እሱ የአባቴን ቤት ለምን ወሰደ?"

ጉልበቷ ሥር የገባውን ጠጠር ስታወጣ ቆየችና እንደገና፣ "ከኔጌቲቩ ማዶ ሲሆንስ?" አለች።

"እዚያ ይቃረናሉ። አራቱ ወዲያ ይገፋዋል፤ አንዱ ወዲህ ይስበዋል። አራቱ ትልቅ ቢሆንም ሩቅ ነው፤ አንዱ ትንሽ ቢሆንም ቅርብ ነው። እኩል የሚሆኑበት ቦታ አለ።"

በጣቷ አቧራው ላይ ጫር ጫር አደረገች። "ገባኝ" አለች። "ቢገባኝም ግን አልወድሽም።"

"እኔም አልወድሽም።"

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ወዲያው አባቴን ቀበሌ ጠርተው፣ ልጅህን ሥነ ሥርዓት አላስተማርህም ብለው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ከመምሸቱ በፊት ለቀቁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አቧራ ለብሶ ገባ። ይቆጣኛል ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። እናቴ ውኃ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ጨረሰና ጠራኝ።

"መልሱ ያንቺ ነበር ትክክሉ?"

"አዎ፣ አባባ። ወላሂ የኔ ነበር።"

"እንኳንም ተቀመጥሁላቸው" አለ። ከታሰረ ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያን በር ዳግም አላንኳኳም ብዬ ማልሁ። መሐላዬ ግን አላስፈለገም። ልጅቱ በሚቀጥለው ሰኞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝና መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች። ከመካከሉ ገልጣ፣ ስፌቱን በጥርሷ በጥሳ፣ ለሁለት ገነጠለችው። የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሊቀ መንበር ልጅ ባትሆን ኖሮ በዚህ ትታሰር ነበር።

"የኤሌክትሪኩ ላንቺ፣ የሙቀቱ ለኔ። ስንጨርስ እንቀያየራለን" አለችኝ። "ቤታችን ግን እንዳትመጪ።"

"ቤታችሁ?" አልኋት።

ግማሹን መጽሐፍ እጄ ላይ ጥላልኝ ሄደች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እዚያው የትምህርት ቤቱ በር ላይ እየተገናኘን ሰላም ሳንባባል ተለዋወጥን። ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን፤ እሷ በልጣኛለች አሉ፤ አላጣራሁም።