ከወለሉ ሥር ያለው ባሕር

እናቴ ባሕርን ከማየቷ በፊት ሰምታዋለች። ታናሽ ወንድሜ ከጅቡቲ ዳርቻ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። እሱ ስለ ጤናው፣ ስለ ደላላው፣ ስለሚሻገርበት ጀልባ ይነግራታል፤ እሷ ግን ሌላ ነገር ታዳምጣለች። «ከኋላህ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አለችው። «ባሕሩ ነው እማ፣ ዛሬማ ረጋ ብሏል» አላት። «የረጋው ይሄ ነው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማነውም።

የፍላቂት አካባቢ ሰዎች ነን፤ ገብስ የምናርስ። አብሮት ከፍላቂት ሚኒባስ የተሳፈረ የሰፈራችን ልጅ ከወራት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ወንድሜ ውሃው ውስጥ ሲገባ አይቷል፤ ሲወጣ አላየም። ሽማግሌዎች መርዶ ሊያረዱ በማለዳ ቢመጡ እናቴ በሩን ሳትከፍት፣ «ሬሳውን ያያችሁ ከሆነ ግቡ። ካላያችሁ አጨዳችሁ ይጠብቃችኋል» አለቻቸው። ቆመው ቆመው ሄዱ። እኔም ብቻዋን አልተዋትም ብዬ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀጥሬ ወደምኖርባት ወደ ላሊበላ አመጣኋት።

የቸገረኝ ልቅሶ አለመቀመጣችን ብቻ አልነበረም። ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስሙ ነው፤ ካህኑ በቤት ስም አይፈታም። የወንድሜን የክርስትና ስም ደግሞ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም። ከሱ በፊት የወለደቻቸው ወንዶች ስላላደጉላት፣ የዚህኛው ስም መተተኛ እጅ እንዳይገባ ብላ ከእኔም ደብቃዋለች። ያጠመቁት ቄስና የክርስትና አባቱ አርፈዋል። «እማ፣ ስሙን ንገሪኝና ይፈታ» ስላት፣ «ላልሞተ ሰው?» ትለኛለች። እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ ስንት ጊዜ በሩን ወርውሬ ወጥቻለሁ። ወንድሜ እዚህም እዚያም ሳይሆን መሐል ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

የደጃፋችን ነገር ባይኖር ምናልባት እተወው ነበር። በበጋ፣ ቧንቧ ከጠፋ በሰነበተበት ወቅት፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ርሶ አገኘዋለሁ። አንድ ሰው እርጥብ እግሩን ይዞ የቆመበት ያህል ነው ስፋቱ፤ ወደ ቤት የገባ ወይም ወደ መንገድ የወጣ ጠብታ የለም። መጀመሪያ እሷ ላይ ጮህኩባት፤ «ውሃ በጀሪካን ተሸክሜ ሳመጣ አንቺ ደጅ ታፈሻለሽ?» እሷም ረጋ ብላ «እኔ ደግሞ አንቺ መስለሽኝ ነበር» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ስለሱ ማውራት ተውን። ማታ ማታ ግን በሩን መቀርቀሯን እንዳቆመች አየሁ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ እርጥበቱን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ላብም እንባም ጨው ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ግን ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ከሰዓት ከሰዓት እናቴ ሥራ ቦታዬ ትመጣለች። የእንግዳ መቀበያው ውስጥ ሳተላይት ቴሌቪዥን አለ፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ስለሳሳ ከእኛ በቀር የሚያየው የለም። አንድ ቀን ቻናል ስቀያይር «ተይው!» ብላ ጮኸች። ሰዎች ሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ፤ ሰርፊንግ የሚሉት ውድድር ነው። እሷን ያስጮኻት ግን ድምፁ ነው። «ይሄው! ከኋላው ሲያጓራ የነበረው ይሄው ነው» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማየት ቀረ። ሳንቃውን «የውሃ ፈረስ» ብላ ሰየመችው። ማን እንዳሸነፈ አያገባትም፤ የምትከታተለው የወደቀውን ነው። ጋላቢው ይወድቃል፣ ነጩ አረፋ ይውጠዋል፣ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ጭንቅላቱ ብቅ ሲል «እሰይ!» ብላ ትለቃለች። ሁሉም ብቅ ይላል። «አየሽ አይደል? ገብቶ የሚቀር የለም» ትለኛለች። እኔ ጠረጴዛ ወደ መወልወሌ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ እያየን መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤ የማዕበሉ ድምፅ ግን አልቆመም። ሄጄ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። አሁንም ይሰማል። ወደ ወለሉ የሚወርድ ይመስል ቀስ በቀስ እየራቀ ጠፋ። እጄ ላይ የኤሌክትሪክ ገመዱን እንደያዝኩ እናቴን ባያት፣ ዘመድ እንደመጣለት ሰው ፈገግ ብላ ተቀምጣለች።

በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንግዳ ሆና መጣችብን። ዕድሜዋ የእናቴ እኩያ ነው፤ ትከሻዋ እንደ ወንድ ሰፊ፣ ፊቷ በፀሐይና በጨው የተጨማደደ። ቴሌቪዥኑን አይታ ሳቀች። በወጣትነቷ ማዕበል በመጋለብ ተወዳድራለች፤ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ደግሞ ዳኛ ሆና ነጥብ ስትሰጥ ኖራለች። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ወንበር ሳበችላት። «ተቀመጪ እታለም። ይሄን ነገር ማን ጀመረው በያት» አለችኝ።

ሴትዮዋ ከጥንቱ ተነሳች። በታላቁ ውቅያኖስ መሐል ባሉ ደሴቶች ማዕበል መጋለብ መነሻው የማይታወቅ የቆየ ጨዋታ ነው፤ ሴቱም ወንዱም፣ ሹሙም ተራውም ይጫወተው ነበር፤ ረጅሙ ሳንቃ ግን የሹሙ ነው። ለሳንቃው የሚሆነው ዛፍ ሲቆረጥ ይጸለይበታል፤ ሥሩ በነበረበት ጉድጓድ ዓሣ ይቀመጥ ነበር ይባላል። «ክርስቲያኖች ናቸው?» አለች እናቴ። «ያኔ አልነበሩም» ብዬ በራሴ መለስኩላት። ቀጥሎ ባዕዳን መጡ፤ በሽታም ይዘው መጡ፤ ሕዝቡ አለቀ። ሰባኪዎቹም ጨዋታውን ሥራ ፈትነት ነው ብለው ነቀፉት፤ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ያልተዉት ጥቂቶች አቆዩት፣ ሌሎች ከነሱ ተማሩ፣ ወደ ሌላ አገር ዳርቻ ተሻገረ። ከባዱ እንጨት ቀርቶ ቀላል ሳንቃ መጣ። ቆይቶ ጥሩምባ፣ ሰዓት፣ ነጥብና ዋንጫ መጣ፤ ይኸው ዛሬ ኦሎምፒክ ገብቷል።

እናቴ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «ዳኞቹ የት ነው የሚቀመጡት?» አለች። «ዳርቻው ላይ፣ ጥላ ሥር።» «ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጠው ከሞት ላመለጠ ሰው ነጥብ ይሰጣሉ? መልካም እንጀራ ነው!» እንዳለ ተረጎምኩት። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናቴም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ «ጠይቂልኝ» አለችኝ፤ «ገብቶ ያልወጣ አለ?»

ጥያቄውን ማጣመም እችል ነበር። መልሱንም ቢሆን። እናቴ ከአፌ ሌላ መንገድ የላትም። ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ቴሌቪዥኑን ትታ እናቴን አየቻት። «አለ» አለች። አብራት የምትጋልብ የልብ ጓደኛ ነበረቻት፤ አንድ ጠዋት ገባች፣ ሳንቃዋ ብቻ ተመለሰ።

«ያለ ሬሳ ምን አደረጋችሁ?»

«ሳንቃዎቻችን ላይ በደረታችን ተኝተን ወደ ውስጥ ቀዘፍን። ክብ ሠራን። አበባ በተንን፣ ስሟን ጠራን፣ ተመለስን። የእኛ ቀብር ይሄ ነው።»

«በሕይወት ብትኖርስ? ስሟን ብትጠሩባትስ?»

«ብትኖር ኖሮ በእግሯ ትመጣ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ስሙ ያልተጠራለት ግን የት እንደሚሄድ አያውቅም። የወገኖቹ ደጃፍ ላይ ይቆማል ይባላል።»

ስለ ደጃፋችን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንደሰማሁት ተረጎምኩት። እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች «ነገ ሴትዮዋ የት ነው የምትሄደው?» አለች። ይምርሐነ ክርስቶስ ነው አልኳት። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

በማለዳ በመኪና ስንወጣ ጉም ሸለቆዎቹን ሞልቶ ተራሮቹ ብቻ ብቅ ብቅ ብለው ነበር። «ባሕር እንዲህ ነው?» አለች እናቴ። ሴትዮዋ በመስኮቱ አይታ «ይመስላል፤ ባሕር ግን ይንቀሳቀሳል» አለች። ወዲያው ጉሙ ከአንዱ ዳር ተነስቶ ታጠፈና ገደሉ ላይ ፈረሰ።

ይምርሐነ ክርስቶስ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጀርባው ድሮ ድሮ ለመሳለም የመጡ ሰዎች አስከሬን ተደርድሯል፤ የአንዳንዶቹ ቆዳ እንኳ አጥንታቸው ላይ አለ። አባቶች እንደሚሉት የታነጸው በውሃ ላይ እንጨትና ጭድ ተነጥፎ ነው፤ ከወለሉ ሥር ባሕር አለ፤ ወለሉም ወደ ታች የሚያሳይ፣ በክዳን የተዘጋ ቀዳዳ አለው። ይህን ለእንግዶች ስናገር ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ከልቤ አላሰብኩበትም ነበር።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ለአረጋዊው ካህን እጅ ነሳች። «አባ፣ ይባርኩኝ። ወለሉን ይክፈቱልኝ» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ?»

«ሰው ልጠራ ነው።»

ካህኑ ፊቷን አይተው ሌላ አልጠየቁም። ምንጣፉን ገለጡ፣ ትንሹን ክዳን አነሱ። የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ቅዝቃዜ ፊታችንን መታን። እናቴ የወለሉ ሳንቃ ላይ በደረቷ ተኛች፤ እጆቿን ከጉድጓዱ ወዲህና ወዲያ ዘረጋች። ሴትዮዋ በአንድ በኩል ተንበረከከች፣ እኔ በሌላው፣ ካህኑ ከራስጌዋ ቆሙ። እናቴ የወንድሜን የክርስትና ስም ወደ ጨለማው ጠራች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ከሥራችን፣ ከሩቅ፣ ያ ነገር አጓራ። ቀርቦ ተሰበረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። ሴትዮዋ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። «ባሕር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» አለች በሹክሹክታ። «በጣም ይርቃል» አልኳት። «ይሄ ማዕበል ነው። ዕድሜ ልኬን ሳዳምጠው ኖሬያለሁ» አለች፤ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ካህኑ «ነፋስ ነው፣ ዋሻ አይደል?» አሉ፤ ክዳኑን ግን በጥድፊያ መለሱት። እናቴ ተነስታ ነጠላዋን አራገፈች። «ስሙን ሰምተዋል አባ። ይፍቱት» አለቻቸው።

በዚያው ፍትሐቱ ተደረገ። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ ወዲያው ተኛች፤ እኔም ከብዙ ወራት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ስነቃ በሩ ተከፍቷል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ደፉን በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ደግማ ደጋግማ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ድንጋዩ ደርቋል። እፎይ አልኩ፤ ስመኘው የነበረው ይሄው ነበርና። «እማ፣ ደርቋል እኮ» አልኳት ደስ ብሎኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። «በየሌሊቱ ይመጣልኝ ነበር» አለች። «በሩን የምተውለት ለዚያ ነበር። አሁን ሄደብኝ ልጄ፤ እኔው ሸኘሁት።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ደረቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጮኸች። ጎረቤት ነጠላውን እየጎተተ በየአቅጣጫው መጣ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁሉም ገቡ።