የሎኮ ካርቶን

ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን በዘረዘርኩ ቁጥር ይህቺን አንዷን እየዘለልኩ አርጅቻለሁ። ባሌ እንኳ ሳያውቃት ሞተ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገራት።

ነገሌ የተወለድኩ የሹም ልጅ ነኝ፤ በንጉሡ ዘመን እዚያው የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። ሎኮ ደግሞ በሱቅ በረንዳ ላይ፣ በሰው የስፌት መኪና ልብስ የምትጠግን፣ ባሏ የሞተባት ቦረና ነበረች። አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። የምታድረው በሰው ማድቤት ስለነበር አንዲት ልጇን ሜጋ ከተማ ለገረድነት ሰጥታታለች።

አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት በከተማችን ሆቴል ሊከፍቱ መጡ። የመጋረጃውንና የአልጋ ልብሱን ሥራ አሳቡ ላማራቸው ሰው ሊሰጡ፣ ከግቢውም አንዲት ክፍል ሊጨምሩለት ቃል ገቡ። ሎኮ ያቺን ክፍል ካገኘች ልጇን ታመጣለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በቃል ማስረዳት ስለማትችል፣ «ያሰብሽውን ካርቶን ላይ ለጥፊና ይዩት» ያልኳት እኔው ነኝ። በሳምንቱ ይዛ መጣች። የነገሌ ቀይ አፈር በሙጫ ተለጥፎ፣ ከጎኑ የፍየል ቆዳ ቁራጭ፣ የግራር ቅርፊት፣ ጥቂት ዶቃ፣ የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ። ሳየው ክፍሉ ውስጥ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ቀናሁ። አስተማሪዋ እኔ፣ እንዲህ ያለ አሳብ አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም።

አብረን ሄድን፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ጌታው ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና፣ «የማን አሳብ ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ፣ የኔ ነው አልኩ። የጃንጥላው ጨርቅ ለምን እንደገባ ሲጠይቁኝ አላወቅሁም። ዘወር ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋት። «ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ሰማይ ነው፤ አቧራ ለብሶ የመጣ መንገደኛ ሲያየው ልቡ ይረፍ ብዬ ነው» አለችኝ። ቃሏን ከአፏ ወስጄ የራሴ አድርጌ ተናገርኩ። ጌታው በአድናቆት ራሳቸውን ሲነቀንቁ እሷም ደስ ብሏት ፈገግ አለች። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ያን ፈገግታ እያየሁ እንዴት ቀጠልኩ?

ስንወጣ፣ «አንቺን እምቢ አሉ፤ ብለምንልሽም ሥራውን ለኔ ሰጡኝ» አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ተናግረውልኛል፤ እርስዎ ምን ያድርጉ?» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

በዚያች ክፍል ዓመታት ሠራሁ። ሎኮን ቀጠርኳት፤ የገዛ አሳቧን ለኔ ሰፋችልኝ። ልጇ እዚያው ሜጋ፣ በሰው ቤት አደገች። ችግር ገፋፍቶኝ ነው እንዳልል ቤትም፣ ደመወዝም፣ ባልም ነበረኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔን አድምቆኛል።

ሎኮ በመጨረሻ ወደ አሬሮ፣ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄዳ ሞተች። ልጇ፣ እጇ በሰው ቤት ሥራ ሻክሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣ መጣችና አንድ ቅል ቅቤ አስቀመጠችልኝ። «እናቴ ልትሞት ስትል፣ የተናገሩልኝን እትዬን አመስግኚልኝ ብላኝ ነው» አለች።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ልጅቱ ፊቴ ቆማለች፣ የሚሰማን ሰው የለም፣ የሚቀማኝም ነገር አልነበረም። እኔ ግን «እግዜር ያጥናሽ» ብዬ ሸኘኋት።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። ቅቤውን በላሁት።